ገምጋሚው የቆመው ለገዢ ነው ወይስ ለሻጭ?

በመካነ ብርሃን የሚያስተምር አንድ ወዳጄ ጎንደር ወርዶ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛ። ከመግዛቱ በፊት አንድ የኮምፒዩተር ገምጋሚ በስልኩ ላይ ዕቃውን ሲያወድስ ሰምቶ ነበር። «ኮር አይ ፋይቭ ነው፣ እንደ አዲስ ነው፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ግዙ» ተብሏል። መምህሩም እንደተባለው ጨፍኖ ገዛ።

ጃናሞራ ተመልሶ ዓይኑን ሲገልጥ፣ ኮር አይ ፋይቭነቱ እውነት ሆኖ ሳለ ስድስተኛው ትውልድ ሆኖ አገኘው። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 11ን በይፋ የሚፈቅደው በኢንቴል በኩል በአብዛኛው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ወዳጄ የጎንደር ፒያሳ ነዋሪ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ዕቃውን ታቅፎ ሱቁ በር ላይ ይቆም ነበር። ከጃናሞራ ለሚነሳ ሰው ግን የመኪናው፣ የአልጋውና የባከነው የሥራ ቀን ሂሳብ ሲደመር መመለሱ አያዋጣም። ለገምጋሚው ጻፈለት። መልስ አላገኘም፤ የጻፈው አስተያየትም ከቦታው ጠፋ።

በሻጩ ላይ ብዙ አልፈርድም። ሻጭ ዕቃውን ያሞግሳል፣ ያለ ነው። የሚያስቆጨኝ ገምጋሚው ነው፤ ከውዳሴው መጨረሻ ላይ የዚያው ሱቅ ስልክ ቁጥር ነበረና።

አገራችን ይህን ነገር አታውቀውም አይባልም። በሬ ሊገዛ ገበያ የሚወጣ ገበሬ በሬ የሚያውቅ ዘመድ ይዞ ይወጣል። ዘመዱ ጥርሱን ያያል፣ አረማመዱን ያያል፣ «ይቅርብህ» ይላል። ደላላውም እዚያው ቆሟል፤ ደላላነቱ ስለሚታወቅ ግን ሰው ቃሉን በልኩ ይሰማዋል። ችግር የሚመጣው ደላላው ዘመድ መስሎ የቀረበ ዕለት ነው።

በሰለጠነው ዓለምም ቢሆን ነገሩ ገና ያልተቋጨ ክርክር ነው። ቶምስ ሃርድዌር የተባለውን ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ1996 የመሠረተው ቶማስ ፓብስት የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነበር። ኢንቴል በ1992 ዓ.ም. ክረምት 1.13 ጊጋኸርትዝ ፔንቲየም 3 ፕሮሰሰሩን ሲያወጣ፣ ሰውየው ሞክሮ «አይረጋም» ብሎ ጻፈ። ሌሎች ገምጋሚዎችም ሞክረው ያንኑ አገኙ። ኢንቴልን ያህል ኩባንያ ነሐሴ ሳያልቅ ዕቃውን ከገበያ ሰበሰበ። ስም የሚገነባው እንዲህ ነው።

ያው ድረ ገጽ፣ መሥራቹ ከለቀቀው ከዓመታት በኋላ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የኒቪዲያ አርቲኤክስ 20 የግራፊክስ ካርዶች ገና ሱቅ ሳይደርሱ፣ ገለልተኛ ፍተሻም ሳይወጣ፣ አንባቢውን «ዝም ብላችሁ ግዙ» የሚል ጽሑፍ አወጣ። የትልቁ ካርድ ዋጋ ከኩባንያው 1,199 ዶላር ነበር። ዋና መሸጫ የሆነውን አዲሱን የብርሃን ስሌት የሚጠቀም ጌም ደግሞ በዚያ ሰዓት ገበያ ላይ አልነበረም። ለእውነቱ፣ ጽሑፉ የግል አስተያየት መሆኑ ተገልጾ ነበር፤ ከዚያው ቤት ሌላ ጸሐፊም በዚያው ሰሞን «ገና አትግዙ» ብሎ ጽፏል። አንባቢው ግን ቁጣውን አወረደው። ትክክል ነበር እላለሁ። ከፍተሻ በፊት ግዙ የሚል ገምጋሚ ለሻጩ ነው የሠራው፣ ገንዘብ ተቀበለም አልተቀበለም።

ግፊቱ ከአምራችም ይመጣል። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ኒቪዲያ ሃርድዌር አንቦክስድ ለተባሉት የአውስትራሊያ ገምጋሚዎች፣ ያንኑ የብርሃን ስሌት በበቂ አላጎላችሁም በማለት ለፍተሻ የሚሰጠውን ካርድ እንደሚያቋርጥ ጻፈላቸው። ነገሩ አደባባይ ወጥቶ ሸማቹና የሙያ ባልደረቦቻቸው ሲጮሁ ኩባንያው በቀናት ውስጥ ውሳኔውን አጠፈ። ካርዱን ያስመለሰላቸው የተመልካቹ ጩኸት ነው። የእኛው ሰው ግን የተመልካቹን ጩኸት ይሰርዛል።

በአገራችን የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት ተለይቶ እንዲታወቅ ደንግጓል። ጋዜጣ «ማስታወቂያ» ብሎ ከላይ እየጻፈ፣ በስልክ የሚገመግመው ይህን የሚዘልበት ምክንያት አይታየኝም። «ይህን ላፕቶፕ እገሌ ሱቅ ሰጥቶኝ ነው፣ ለዚህም ይከፍለኛል» ማለት አምስት ሴኮንድ አይፈጅም። የተሳሳተውንም፣ «ትውልዱን ሳልናገር አልፌያለሁ፣ ተመልካች አርሞኛል» ቢል የሚቀንስበት ተመልካች ጥቂት ነው፤ እኔ በበኩሌ ይህን የሚል ሰው ባገኝ ሌላውንም ቃሉን አምናለሁ። ስህተት የማይገኝበት ገምጋሚ የለም፤ እኛም በዚህ ገጽ ዋጋ ተሳስተን ጽፈን በሳምንቱ ያረምንበት ጊዜ አለ።

ወዳጄ ላፕቶፑን አልሸጠውም፤ የፈተና ጥያቄ ይጽፍበታል። አሁን ኮምፒዩተር ሊገዛ ጎንደር የሚወርድ የሠፈሩ ሰው ቀድሞ እርሱ ጋ ይመጣል። እርሱም ከኮር አይ ፋይቭ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር በወረቀት ጽፎ ይሰጠዋል፤ ቻርጀሩን ነቅሎ ሱቁ ውስጥ ግማሽ ሰዓት እንዲጠብቅም ይነግረዋል፣ ሻጩ ቢቆጣም።