የጥር ፈረስ በኅዳር ይሰናዳል

በኅዳር መጀመሪያ ታላቅ እህቴ ከደብረ ማርቆስ ደወለችልኝ። የዘመድ አዝማዱን ሰላምታ በአጭሩ ጨርሳ «በል ነገሬን ስማና ፍረድ» አለችኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። የ13 ዓመት ልጇ ዘንድሮ ለጥምቀት ፈረስ ካልጋለብኩ ብሏል። አያቱ፣ የባሏ አባት፣ «ደግ አደረገ፤ አባቱም በዚህ ዕድሜው ጋልቧል» ብለው ፈቅደውለታል። አባትየው በአባቱና በሚስቱ መካከል ገብቶ ዝም ብሏል። እህቴ ግን «እኔ በሕይወት እያለሁ ልጄ ፈረስ ላይ አይወጣም» ብላ ቆርጣለች።

እህቴ ይህን የምትለው ያለ ምክንያት አይደለም። ታናሽ ወንድማችን በ16 ዓመቱ ሙሽራ ሊያጅብ ወጥቶ ከፈረስ ወድቋል። ሁለት ቀን ሙሉ ራሱን አያውቅም ነበር። ዛሬ የልጆች አባት ሆኗል፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ግራ ጆሮው ግን አይሰማም። ያን ቀን ከመሬት ያነሳችው እሷ ናት። ስለዚህ ሰው ፈረስ ሲል እሷ የሚታያት ያጌጠው ኮርቻ ሳይሆን አቧራው ላይ የተዘረረው ልጅ ነው።

«እታለም፣ ሁለታችሁንም ሳልሰማ አልፈርድም» አልኳት። ለሌላ ጉዳይ ወደዚያው መሄዴ ስለነበር አያትየውን ቤታቸው ድረስ ሄጄ አየኋቸው። የሚኖሩት ከከተማው ወጥቶ ወደ ሮብ ገበያ በሚወስደው መንገድ፣ የጮቄ ነፋስ በሚደርስበት ደጋ ላይ ነው። ስደርስ ከበረቱ ጎን ቆመው የዳማ ፈረሳቸውን ጀርባ በእጃቸው ይዳብሳሉ።

ፈረስ ካለበት አገር ላልኖረ አንባቢ ስለ ወቅቱ ጥቂት ልበል። በጎጃም ደጋ የፈረስ ወራት ጥር ነው። መኸሩ ጎተራ ገብቷል፤ መሬቱ ደርቆ ሜዳው ለግልቢያ ተመችቷል። ጥር 11 ጥምቀት፣ ጥር 21 አስተርዮ ማርያም፣ ጥር 23 ጊዮርጊስ ይከታተላሉ። በመካከሉ ሰርጉ አለ። ሁዳዴ እስኪገባ ድረስ ፈረስ ሥራ አይፈታም፤ ታቦት ያጅባል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ በሜዳው ላይ ሽርጥና ጉግስ ይወጣል።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ በአዊ፣ ነገሩ በማኅበር የተደራጀ ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው በዓድዋ የዘመቱ ፈረሰኞችንና ፈረሶቻቸውን ለመዘከር ነው። ዛሬ አባላቱ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። ዓመታዊ በዓላቸው ጥር 23 ሲሆን በእንጅባራ ሜዳ ያጌጡ ፈረሶች ሲተሙ ማየት ራሱን የቻለ ነገር ነው። ማኅበሩ ግን የአንድ ቀን ትርኢት ብቻ አይደለም። አባላቱ በለቅሶም በሰርግም ይደራረሳሉ፤ የተጣላ ያስታርቃሉ።

ፈረስ በአያቶቻችን ዘንድ የነበረውን ክብር የፈረስ ስሞች ይነግሩናል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው ይባሉ ነበር። መንቆረር ትባል የነበረችውን ደብረ ማርቆስን መናገሻቸው ያደረጉት የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም አባ ጠና ነበሩ። ሰው በፈረሱ ስም ከተጠራ ፈረሱ የሰውየው ግማሽ አካል ነበር ማለት ነው።

ወደ አያትየው ልመለስ። ቡና እስኪፈላ ድረስ ሥራቸውን አላቋረጡም። እኔም ልጠይቅ ያሰብኩትን ትቼ ሥራቸውን አየሁ።

ፈረሱ ክረምቱንና መስከረምን በሣር ነው ያሳለፈው። አሁን ገብስ ሊለምድ ነው፤ ግን በአንድ ጊዜ አይደለም። መጀመሪያ አንድ እፍኝ ከጭድ ጋር፣ ከቀናት በኋላ ሁለት እፍኝ እያሉ ሳምንታት ይወስዳሉ። ይህ የቁጠባ ጉዳይ አይደለም። ፈረስ እንደ ሰው ማስመለስ አይችልም። ሆዱ ያልለመደውን እህል በብዛት ከበላ የሚወጣበት አፍ የለውም፤ በሆድ ቁርጠት ሊሞት ይችላል። «ለበዓል ብሎ በዋዜማው ገብስ የሚያጠግብ ሰው ፈረሱን እየገደለ ነው» አሉኝ።

ቀጥሎ ጀርባው ነው። ኮርቻው ከተነሳ በኋላ መዳፋቸውን ከትከሻው እስከ ወገቡ ያስኬዳሉ። የሚሞቅ፣ ያበጠ ወይም ሲነካ ፈረሱ የሚሸሽበት ቦታ ካለ ገጣባ ሊወጣ ነው፤ ያኔ ኮርቻ አይጫንም። ከዚያ ሰኮናው ይታያል፤ የተሰካ ጠጠር ካለ ይወጣል። ከዚያ ዛቡና ልጓሙ፣ የእርካቡ ጠፍር አንድ በአንድ ይሳባል። ድርቀት የሰነጠቀው ጠፍር ቆሞ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ የሚበጠሰው ፈረሱ ሽምጥ ሲጋልብ ነው።

ሩጫውም ደረጃ አለው። ኅዳር እርምጃ ነው፣ ታኅሣሥ ሶምሶማ ነው፤ ሽምጥ ግልቢያ የሚመጣው ወደ መጨረሻው ነው። ከሩጫ በኋላ እስትንፋሱ እስኪመለስ በእጅ እየተመራ ይራመዳል። በመጨረሻም ፈረሱ ግርግር መልመድ አለበት፤ ከበሮ፣ እልልታ፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ የባጃጅ ክላክስና የስልክ መብራት። ደንጋጣ ፈረስ ሰው መካከል አይገባም።

ቡናው ሲቀርብ የእህቴን ነገር አነሳሁ። የወንድማችንንም ታሪክ ነገርኳቸው። አያትየው አላቋረጡኝም። ስጨርስ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ፈረሱ የማን ነበር?»

«የጎረቤት። ለሰርጉ የተዋሰው ነው።»

«ስንት ቀን አብሮት ቆየ?»

«ጠዋት ተቀብሎ ከሰዓት ነው የወደቀው። የሙሽራው መኪና ክላክስ ሲያሰማ ፈረሱ ደንብሮ…»

ስኒያቸውን አስቀመጡ። ብዙ ዝም አሉ። እኔ «ፈረሱን ስለማያውቀው ነው፤ የኔ ልጅ ሌላ ነው» የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። የተናገሩት ግን ሌላ ነው።

«እንግዲህ የልጅ ልጄስ ፈረሱን መቼ ያውቀዋል? ከተማ ነው የሚማር። የሚመጣው ለበዓል ነው። አባቱ በ13 ዓመቱ ሲጋልብ በየቀኑ ውሃ የሚያጠጣው፣ ሣር የሚያጭድለት እሱ ነበር። እኔ አባቱን እያየሁ ልጁን ፈቀድኩ። ምራቴ እውነት አላት።»

እውነቱን ለመናገር ለዚህ አልተዘጋጀሁም ነበር። የሽምግልና ንግግሬን ቀምሬ ሄጄ ሽማግሌው ቀደሙኝ።

«ታዲያ አንቱ ምን ይበጃል ይላሉ? ይከልከል?» አልኳቸው።

«መከልከል ቀላል ነው። ብንከለክለው ግን የሰው ፈረስ ተውሶ ይወጣል፤ እንደ ወንድምህ።»

እዚያው ተቀምጠን ያበጀነው ውል ይህ ነው። ልጁ እስከ ጥምቀት ድረስ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ቅዳሜና እሑድን በሙሉ አያቱ ዘንድ ይመጣል። ያበላል፣ ያጠጣል፣ ጀርባውን ይዳብሳል፣ ሰኮናውን ያያል። የትምህርት ቤት ሥራውን አርብ ማታ ጨርሶ ነው የሚመጣው። ይህን በራሱ ስንፍና ካጎደለ ፈረስ የለም። ካሟላ በጥምቀት ቀን ከአያቱ ጎን ሆኖ በሶምሶማ ታቦቱን ያጅባል። ሽርጥ ውስጥ አይገባም። ጉግስማ ዘንግ የሚወረወርበት የጎልማሳ ጨዋታ ስለሆነ አይነሳም።

የቀረው የራስ ቁር ጉዳይ ነበር። እህቴ ያለ እሱ እንደማትስማማ አውቃለሁ። የሞተር ሳይክል የራስ ቁር ከወዳጅ ሊገኝ እንደሚችል ስነግራቸው አያትየው ሳቁ። «ጎፈር ካደረገ ፈረሰኛ ጎን? ልጁን መሳቂያ ልታደርገው ነው?»

በዚህ ጊዜ በእንግሊዝ አገር ስፒድዌይ ስለሚባለው የሞተር ሳይክል ውድድር ነገርኳቸው። እዚያም ክለቦች አሉ፤ ክረምታቸውን ሞተራቸውን ሲፈቱና ሲገጥሙ ከርመው በመጋቢት አካባቢ ውድድር ይጀምራሉ። አራት ተወዳዳሪዎች በአፈር መም ላይ አራት ዙር ይሮጣሉ። ሞተሩ 500 ሲሲ ሲሆን ፍሬን የሚባል ነገር የለውም። ያን ያህል የደፈሩ ሰዎች ናቸው፤ ግን አንዳቸውም ያለ ራስ ቁር መም ውስጥ አይገቡም፤ ደንቡም አይፈቅድም።

«ፍሬን የሌለው ሞተር?» አሉ አያትየው። «ታዲያ ከፈረስ በምን ይለያል?» ትንሽ አሰቡና «ያድርግ። ነጭ ሻሽ እንጠመጥምበታለን» አሉ።

ውድ ወላጆችና አያቶች፣ ይህን የቤተሰብ ጉዳይ የጻፍኩላችሁ ከብዙ ቤት ተመሳሳይ ክርክር ስለምሰማ ነው። በአንዱ ቤት ፈረስ ነው፣ በሌላው ዋና ነው፣ በሌላው የአባት ሞተር ሳይክል ነው። አያት «እኛም አድገንበታል» ይላል፤ እናት «አይሆንም» ትላለች። ሁለቱም ስለ በዓሉ ቀን ይከራከራሉ። የልጁ ደኅንነት የሚወሰነው ግን ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ነው። እኛ ያደግንበት ግልቢያውን ብቻ ይዘን አልነበረም፤ ከግልቢያው በፊት የነበረውን ማጠጣትና ማጨድ ይዘን ነው። ለልጆቻችን የመጨረሻውን ቀን ብቻ ስንሰጣቸው አደጋውን ሰጥተን ትምህርቱን ነፈግናቸው ማለት ነው።

ፈረስ ያላችሁ ቤተሰቦች ጥቂት ነገር አደራ ልበላችሁ። ልጁ ያልተንከባከበውን ፈረስ አይጋልብ፤ የተዋሰውንማ ፈጽሞ። እርካቡን እዩት። የድሮው እርካብ ለአውራ ጣት የተሠራ ጠባብ ነገር ነው፤ የዛሬ ልጅ ሸራ ጫማውን አድርጎ በሰፊው እርካብ ውስጥ እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚት ቢያሾልክ ሲወድቅ ፈረሱ ይጎትተዋል። እግሩ ከጫማው ሰፊ ክፍል አይለፍ። ልጅ ወድቆ ራሱን ከመታ ደህና ነኝ ቢልም በዚያን ቀን ፈረስ ላይ አይመለስ። ለአፍታም ቢሆን ራሱን ከሳተ፣ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ራስ ምታቱ ከጨመረ፣ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ደም ወይም ውሃ መሰል ነገር ከወጣ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ጠበሉም ጸሎቱም ይቀጥል፤ ሐኪሙ ግን ነገ አይባልም። የእኛ ወንድም «ተኝቶ ይነሳ» ተብሎ አንድ ሌሊት ቤት አድሯል።

ለአያቶች ደግሞ ይህን እላለሁ። ዛሬ ገብስ ውድ ነው፤ ብዙ ቤት ፈረሱን ሸጧል፤ ባጃጁ በየቀበሌው ገብቷል። ፈረስ ያቆያችሁ ሰዎች ለራሳችሁ ደስታ ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለን። የልጅ ልጆቻችሁ ከእናንተ የሚፈልጉት ግን በጥር ፎቶ መነሳት አይደለም። በኅዳር ብርድ በረት ውስጥ አብራችኋቸው ቁሙ።

የእህቴ ልጅ ውሉን እስካሁን አላጎደለም። ባለፈው እሑድ ማታ እህቴ እንደገና ደወለች፤ ድምጿ ተለውጧል። ምን ሆንሽ ብላት እንዲህ አለችኝ። ልጁ ቅዳሜ ጠዋት እንደተማረው የዳማውን ጀርባ ሲዳብስ ከትከሻው በታች አንድ የሚሞቅ ቦታ አገኘ። አያቱ ገበያ ሄደው ነበር፤ ሌላ ያየ ሰው አልነበረም። ገጣባ ካለ ኮርቻ እንደማይጫን ልጁ ያውቃል። ጥምቀት ሊያመልጠው እንደሚችልም ያውቃል። አያቱ ገና ከበር ሲገቡ ሮጦ ሄዶ ነገራቸው።

ኮርቻው ተሰቅሏል። የእንስሳት ሐኪሙም አይቶታል፤ ፈረሱ ለጥቂት ሳምንታት ያርፋል። ለጥምቀት ይድረስ አይድረስ ገና አልታወቀም። ልጁ አልቅሷል አሉ፤ ቢሆንም በሚቀጥለው ቅዳሜ ሊሄድ ከአሁኑ ቦርሳውን አዘጋጅቷል።

«ምን ብለህ ትፈርዳለህ?» አለችኝ እህቴ።

ፍርዱን እሷው ቀድማ ሰጥታለች። የራስ ቁሩን ገዝታ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀምጣዋለች፤ ዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ ብላ።

ቸር ሰንብቱ።