አንድ ካርድ፣ ስንት ኪስ?

የብዙዎቻችን የገንዘብ ቦርሳ ሲከፈት የሥራ ታሪካችንን ይናገራል። አንዱ ካርድ የአሁኑ መሥሪያ ቤት ደመወዝ የሚያስገባበት ባንክ ነው፤ ሌላው የቀድሞው መሥሪያ ቤት። ሦስተኛው ሰፈራችን ውስጥ አዲስ ቅርንጫፍ ሲከፈት በጎረቤት ግፊት የወጣ ነው። አንዱ ጋ ሃምሳ ብር ተረስቷል፣ ሌላው ጋ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ተቀምጧል፣ የምስጢር ቁጥሩ የጠፋም አይጠፋም። ታዲያ «ሁሉንም በአንድ ካርድ ልጠቅልልላችሁ» የሚል ቢመጣ ማን ይጠላል?

እንግሊዝ አገር እንዲህ ያለ ካርድ አለ፤ ከርቭ ይባላል። አገልግሎቱን የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ2015 ለንደን ውስጥ የተመሠረተ ድርጅት ነው። ደንበኛው የተለያዩ ባንኮች ካርዶቹን በስልኩ መተግበሪያ ላይ ይመዘግባል፤ ድርጅቱም አንድ ማስተርካርድ ይልክለታል። ገበያ ሲወጣ የሚይዘው ይህንኑ ነው። ገንዘቡ ከየትኛው ባንክ እንደሚወጣ ስልኩ ላይ ይመርጣል። የአስቤዛውን ሂሳብ ካላሰበው ካርድ ቢከፍል እንኳ፣ ቀናት ካለፉ በኋላም ክፍያውን ወደ ሌላኛው ካርድ ማዛወር ይችላል።

እንደ እኔ ማርኬቲንግ ለሚሠራ ሰው ይህ የሚያስቀና ምርት ነው፤ ለማስተዋወቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ነገር ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ቃል ሲገባልን፣ ያልተነገረውን ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር መፈለግ ደግ ነው። እዚህ ላይ ያልተነገረው ይህ ነው፦ ካርዱ አንድ ሆነ እንጂ ገንዘቡ አንድ አልሆነም። ይልቁንም በሱቁና በባንካችን መካከል አንድ ተጨማሪ አካል ገባ። ለሱቁ የሚከፍለው ከርቭ ነው፤ ከርቭ ደግሞ ከባንካችን ይቀበላል።

ይህ መካከለኛ ዋጋ አለው። በእንግሊዝ ሕግ አንድ ሰው ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 ፓውንድ የሚያወጣ ዕቃ በክሬዲት ካርድ ገዝቶ ዕቃው ባይመጣ ወይም ተበላሽቶ ቢገኝ፣ ካርዱን የሰጠው ባንክም ከሻጩ ጋር ተጠያቂ ነው። ክፍያው በመካከለኛ በኩል ሲያልፍ ግን ይህ የሕግ ሰንሰለት ይበጠሳል። ድርጅቱ የራሱ የደንበኛ ዋስትና ቢኖረውም፣ በሕግ ከተሰጠ መብት ጋር እኩል አይደለም። ለንደን ዘመድ ያላችሁ፣ ፍሪጅና የአውሮፕላን ትኬት ሲገዛ በቀጥታ በባንኩ ካርድ እንዲከፍል ብትነግሩት አይከፋም።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ዋየርካርድ የተባለው የጀርመን ድርጅት ከሰረ። የእንግሊዝ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በዚያ አገር ያለውን ቅርንጫፉን ሥራ ሲያግድ፣ ካርዱ በዚሁ ቅርንጫፍ በኩል ይወጣ የነበረው ከርቭም አብሮ ቆመ። ጥቂት ቀናት ብቻ ነበር፤ የደንበኞቹም ገንዘብ በየባንካቸው በሰላም ተቀምጧል። ሌሎቹን ካርዶች ቤት ትቶ የወጣ ሰው ግን ገንዘብ እያለው መክፈል አቃተው።

አሜሪካም ቀድማ ሞክራዋለች። ኮይን የተባለ ድርጅት እስከ ስምንት ካርድ የሚይዝ መሣሪያ እሠራለሁ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2013 ቅድሚያ ክፍያ ተቀበለ። ደንበኞች ዕቃውን በእጃቸው ያገኙት በ2015 ነው፤ በ2017 አገልግሎቱ ተዘጋ። ፕላስትክ የተባለው ደግሞ ከደንበኞች ገንዘብ ሰብስቦ አንድም ካርድ ሳያደርስ በዚያው ዓመት ፈረሰ።

እኛ አገር የተኬደበት መንገድ የተለየ ነው። ኢትስዊች ባንኮቹን ካገናኘ ወዲህ የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ኤቲኤም ይሠራል። የተገናኘው ማሽኑ ነው፤ ካርዱ እንደ ብዛቱ ቀረ። ቦርሳችን አልቀለለም፤ ሆኖም አንዱ ባንክ «ሲስተም የለም» ሲለን ሌላው ካርድ ያወጣናል።

ደግሞም የካርድ ብዛት ሁልጊዜ ዝርክርክነት አይደለም። እናቶቻችን የእቁቡን ለብቻ፣ የእድሩን ለብቻ፣ የአስቤዛውን ለብቻ ያስቀምጡ ነበር፤ አንዱ በመቀነት፣ አንዱ በጣሳ። ገንዘቡ የተለያየ ቦታ የሚቀመጠው እጅ ቶሎ እንዳይደርስበት ነው። ዛሬ ባልና ሚስት «ይህ ካርድ የልጆች ትምህርት ቤት ነው፣ አይነካም» ሲባባሉ ያንኑ እያደረጉ ነው። ሁሉም ኪስ በአንድ ካርድ ሲከፈት፣ የመስከረም ምዝገባ ገንዘብ ከማኪያቶው ገንዘብ ጋር እኩል ቅርብ ይሆናል። ለአንዳንዱ ቤት ይህ ምቾት ነው፤ ለአንዳንዱ ደግሞ የጭቅጭቅ መነሻ።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ካርድ ነገ እኛም ጋ ቢመጣ፣ አስቀድመን ልንሠራው የምንችለው ሥራ አለ፤ መተግበሪያም አያስፈልገውም። የማንጠቀምበትን አካውንት እናዘጋ። የቀሩትን ካርዶች ከቤተሰብ ጋር ቁጭ ብለን በየሥራቸው እንሰይማቸው። አንዱን ካርድ ደግሞ ከቦርሳችን ውጪ፣ ቤት ውስጥ እናስቀምጥ። ይህን ያደረገ ቤተሰብ ጠቅላይ ካርዱ ሲመጣ ምን እንደሚጠቀልልና ምን ለብቻው እንደሚተው ያውቃል።