ከማገልገል በፊት መጠየቅ



በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 የሚያህሉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘምተዋል። የት ሄደው ምን እንደሚሠሩ የወሰነው ግን መንግሥት ነበር። ዛሬ ተማሪዎቻችን በክረምት ለበጎ ፈቃድ ሥራ የሚወጡት ወደውና ፈቅደው ነው። ይሁን እንጂ በጎ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም።

ባለፈው ክረምት ጥቂት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ የሰፈራቸውን ሕፃናት ሒሳብ ሊያስጠኑ ተነሱ። ጠመኔ ገዙ፣ ሰሌዳ ተዋሱ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮም ጠበቁ። የመጡት ሁለት ልጆች ብቻ ነበሩ። ተማሪዎቹ ተናደው «ይህ ሰፈር ትምህርት አይወድም» አሉኝ። «ከመፍረዳችሁ በፊት እናቶቹን ጠይቁ» አልኳቸው።

አንዲት እናት ሳቅ ብለው፣ «ልጆቼ፣ በዚህ ሰዓት እኮ ሁሉም ቁርኣን ቤት ናቸው» አሏቸው። ይህን ስሰማ እኔም አፈርኩ፤ የልጅነቴን ክረምት ጠዋት ጠዋት ሉህ ይዤ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና።

ተማሪዎቹ ኡስታዙን አማከሩ። ጥናቱ ከዐስር ሶላት በኋላ ሆነ፤ ኡስታዙ ክፍላቸውን ለቀቁላቸው፤ እናቶች በተራ ቆሎ ያመጡ ጀመር። አልሐምዱሊላህ፣ ክፍሉ ሞላ። ከአስጠኚዎቹም ሁለቱ በጠዋት እየመጡ ከትንንሾቹ ጎን ቁርኣን መቅራት ጀመሩ።

ወጣቶች ሆይ! የጎረቤትን በር ስታንኳኩ አስቀድማችሁ «ምን እናግዛችሁ? መቼስ ይመቻችኋል?» በሉ። ወላጆችም ሲጠይቋችሁ ጊዜ ሰጥታችሁ መልሱላቸው።

ወሰላሙ ዐለይኩም።