ደብል ባሱም ተራ ይድረሰው

የሙዚቃ ትምህርት ሲነሣ «እሱ መዝናኛ ነው» ብሎ ማለፍ በመካከላችን የተለመደ ነው። የፈረንጅ ክላሲካል ሲሆንማ «ለኛ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። እኛ ግን አንድ ሥራ ጠቅሰን ልንከራከር ተነሥተናል። ይኸውም የቪየናው ተወላጅ ፍራንዝ ሹበርት እ.ኤ.አ. በ1819፣ በ22 ዓመቱ የደረሰው፣ «ትራውት» በሚባለው ዓሣ ስም የሚታወቀው ክዊንቴት ነው።

ሹበርት ለኛ ባዳ አይደለም። አባቱ መምህር ነበሩ። እሱም ቪየና ውስጥ የመምህራን ማሠልጠኛ ገብቶ ተምሯል፤ ከ1814 ጀምሮም በአባቱ ትምህርት ቤት ትንንሾቹን ልጆች አስተምሯል። እውነቱን ለመናገር ሥራውን አልወደደውም፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ተወው። ቢሆንም መምህር የሚማርበት ነገር ትቶልናል።

ክዊንቴቱ የሚጫወተው በአምስት መሣሪያ ነው፤ በፒያኖ፣ በቫዮሊን፣ በቪዮላ፣ በቼሎና በደብል ባስ። አራተኛውን ክፍል ልብ ብላችሁ ስሙት። ሹበርት ቀደም ሲል ስለ ዓሣው የደረሰውን ዘፈን ዜማ ወስዶ እየለዋወጠ ያጫውተዋል። መጀመሪያ ዜማውን የሚያሰሙት የክር መሣሪያዎቹ ብቻ ናቸው። ያ ድምፀ ብዙ ፒያኖ ዝም ብሎ ያዳምጣል! ከዚያ በኋላ ነው ተራው የሚደርሰው። ቀጥሎ ቪዮላው ዜማውን ይይዛል፤ ቫዮሊኑ ከላይ ያስጌጥለታል። በሦስተኛው ዙር፣ ከሥር ሆኖ መሠረት ከመያዝ በቀር ብዙ ጊዜ ልብ የማይባለው ደብል ባስ ከቼሎው ጋር ዜማውን ይረከባል፤ ፒያኖው እየሮጠ ያጅባቸዋል። አራተኛው ዙር በቁጣ ይናጣል፤ በአምስተኛው ቼሎው ይመራል። በመጨረሻም ቫዮሊኑና ቼሎው ዜማውን እየተቀባበሉ ይደመድሙታል።

እስቲ አሁን ወደ መማሪያ ክፍላችን እንመለስ። የቡድን ሥራ ሲሰጠን ምን እናደርጋለን? አንዱ ጎበዝ ይናገራል፣ አንዱ ይጽፋል፣ የቀረነው ስማችንን እናስመዘግባለን። ለማስተማር ልምምድ ስንወጣም ከደወል እስከ ደወል የምንለፈልፈው እኛው ነን። ከኋላ ወንበር ያለው ልጅ ድምፁ ሳይሰማ ይከርማል። ኋላ «ሰነፍ ነው» እንለዋለን። ለመሆኑ ዜማውን መቼ ሰጠነው?

«ክፍሉ በተማሪ ተጨናንቆ፣ ሰዓቱም አጥሮ፣ ለሁሉም ተራ ከየት ይመጣል?» የሚለን ይኖራል። ችግሩ እውነት ነው። ዳሩ ግን ተራ መስጠት ማለት ሁሉን በአንድ መስፈሪያ መስፈር አይደለም። ሹበርት ደብል ባሱን «እንደ ቫዮሊን ቅጠን» አላለውም፤ በራሱ ወፍራም ድምፅ ዜማውን እንዲይዝ አደረገው እንጂ።

ስለዚህ መምህሮቻችንን የምንጠይቀው፣ በአንድ የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ይህን አራተኛ ክፍል እንዲያሰሙን ነው። እኛ ሠልጣኞችም በሚቀጥለው ልምምዳችን አንዲት ጥያቄ ለኋላ ወንበር ሰጥተን፣ መልሱን ሳንነጥቅ እንጠብቅ። ፒያኖው ዝም ማለት ከቻለ እኛን ምን ያቅተናል?