ቡት አደረገ ማለት ሠራ ማለት አይደለም

የአሮጌ ኮምፒውተር ወዳጅ የሆነ ሁሉ የሚያውቀው ፎቶ አለ። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ማሽን፣ ቢጫ የሆነ ፕላስቲክ፣ ጥቁር ስክሪን፤ ስክሪኑ ላይ ሊኑክስ ወይም ኔትቢኤስዲ የመግቢያ ስም ይጠይቃል። «ፖርት አደረግሁት፤ ወደዚህ ማሽን አሻገርሁት!» ይላል ባለቤቱ፤ ጭብጨባው ይከተላል። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ማሽን የሚሰማ ነገር የለም። ዲስኩ ላይ ዛሬ የተጻፈ ፋይል ነገ ሲከፈት ያው ራሱ ነው? ኔትወርኩ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያድራል? ቀጣዩን ቨርዥን ማን ሞከረው? ጠያቂም የለም፣ መላሽም የለም።

ጨዋታ መሆኑን አውቆ የሚጫወተውን ሰው አልተችም። ዲሚትሪ ግሪንበርግ እ.ኤ.አ. በ2012 ሊኑክስን በ8 ቢት ማይክሮኮንትሮለር ላይ አስነሥቷል። ቺፑ ራሱ ሊኑክስን መሸከም ስለማይችል የኤአርኤም ፕሮሰሰርን የሚያስመስል ፕሮግራም ጽፎ፣ ሊኑክስን በዚያ ላይ አስኬደው፤ ትእዛዝ ለመቀበል እስኪበቃ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጅ ነበር። ደስ ይላል፤ ማንንም አላታለለም። የእኔ ጠብ የክርስትናውን ድግስ ደግሶ ልጁን ለጎረቤት ጥሎ ከሚሄደው ጋር ነው። ጎረቤቱ ደግሞ ኮዱን ለዓመታት ተሸክሞ የሚኖረው ፕሮጀክት ነው።

መነሣትና መሥራት ምን ያህል እንደሚራራቁ ለማየት አንድ ማሽን ይበቃል፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ለፊልምና ለንድፍ ሰዎች ሕልም የነበረው የሲሊከን ግራፊክስ ኢንዲጎ2፣ አር10000 ፕሮሰሰር ያለው። ይህ ፕሮሰሰር ፍጥነት ለማግኘት ይገምታል። ፕሮግራሙ ወዴት እንደሚታጠፍ ሳይረጋገጥ የሚቀጥሉትን ትእዛዞች አስቀድሞ መሥራት ይጀምራል፤ ግምቱ ከተሳሳተ የሠራውን ይሰርዛል። ሁሉንም ግን አይሰርዝም። ሊጽፍበት ያሰበውን የሜሞሪ ክፍል ወደ ካሽ አምጥቶ «ተቀይሯል» የሚል ምልክት ካደረገበት፣ ግምቱ ቢሰረዝም ምልክቱ እዚያው ይቀራል። በዚህ መሀል የዲስኩ ተቆጣጣሪ ያንኑ የሜሞሪ ክፍል በአዲስ ዳታ ይሞላዋል፤ ኢንዲጎ2 ደግሞ ካሹንና ሜሞሪውን በራሱ አያስማማም፣ ሥራውን ለሶፍትዌር ትቶታል። ትንሽ ቆይቶ ካሹ ቦታ ሲለቅ አሮጌውን ይዘት በአዲሱ ላይ ይገለብጠዋል። ፋይሉ ተበላሸ። የስሕተት መልእክት የለም፣ ማሽኑም አልቆመም።

መድኃኒቱ ከከርነሉ ብቻ ሊመጣ አልቻለም። ኮምፓይለሩ ራሱ አደገኛ በሆኑ ቦታዎች ላይ ማገጃ ትእዛዝ እንዲያስገባ ማድረግ ግድ ሆነ፤ ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለርም በ2009 በወጣው 4.4 ቨርዥኑ ለዚሁ ፕሮሰሰር ብቻ የሚሆን አማራጭ ጨመረ። ይህን ሳያውቅ ኢንዲጎ2ን ያስነሣ ሰው ፎቶውን ያለ ችግር ያነሣል። ስክሪኑ ያምራል። ዳታው ግን ከሥር እየበሰበሰ ነው።

«ኢሙሌተር ላይ ሞክሬዋለሁ» የሚለው መልስም የሚያሳምነኝ ለግማሹ ነው። ኢሙሌተር ትልቅ ጸጋ ነው፤ ማሽኑ የሌለው ሰው ኮድ መጻፍ የቻለው በእሱ ነው። ነገር ግን ኪውኢሙ የተባለው ኢሙሌተር ካሽን አያስመስልም፤ ሲጽፍም ሲያነብም ሜሞሪው ሁልጊዜ አንድ ነው። ስለዚህ አሁን የተረኩት ዓይነት ስሕተት እዚያ አይወለድም፤ ካልተወለደ ደግሞ አይታረምም። ኢሙሌተር ይቅር ባይ ነው፤ አሮጌ ብረት ግን ቂመኛ ነው።

በሌላ በኩል የተሰለፉት ደግሞ «ማንም ለማይጠቀምበት ማሽን ምን ያደክማል? ሰርዙት!» ይላሉ። እነሱም ዕድሜን ነው የሚቆጥሩት። ታሪኩ ግን ዕድሜ እንደማይወስን ያሳያል። ኢንቴል ኢታኒየም የተባለውን ፕሮሰሰር መላክ ያቆመው በ2021 ነበር፤ በጥር 2024 የወጣው ሊኑክስ 6.7 ድጋፉን አስወገደው። በአሚጋና በድሮዎቹ ማኪንቶሾች ውስጥ የነበረው፣ በ1987 የወጣው የሞቶሮላ 68030 ግን ዛሬም በከርነሉ ውስጥ አለ። ልዩነቱ ኮዱን በየቨርዥኑ የሚከታተል ሰው መኖሩና አለመኖሩ ነው። ናፍቆትማ ማንንም አላዳነም፤ ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን የጻፈበት 386 ፕሮሰሰር እንኳ በ2013 በ3.8 ቨርዥን ተሰናብቷል።

ሰርዙት ባዮቹ አንድ የማይናቅ ክርክር አላቸው። አሮጌ ማሽን የሌላውን ሰው ጊዜ ይበላል። በ68000 ቤተሰብ ላይ 32 ቢት ቁጥር በአራት ሳይሆን በሁለት ባይት ድንበር ላይ ስለሚቀመጥ፣ በአራት መሆኑን እንደ ቀላል ነገር የወሰደ ፕሮግራም እዚያ ሲደርስ ይወድቃል፤ አሚጋ አይቶ የማያውቅ የፕሮግራሙ ባለቤትም ቅሬታ ይደርሰዋል። ከርነሉ ደርሶም ኮምፓይለሩ ሊቀር ይችላል። ዴቢያን በተባለው የሊኑክስ ስርጭት በ2025 መጨረሻ ገደማ የፓኬጅ ማስተዳደሪያው ኤፒቲ ከግንቦት 2026 ጀምሮ ረስት የተባለውን ቋንቋ እንደሚፈልግ ሲነገር፣ ረስት የሌላቸው ፖርቶች በወራት ውስጥ እንዲያገኙ ወይም እንዲዘጉ ተነገራቸው። ቡት የማድረግ ፎቶ እዚህ ላይ ምን ይጠቅማል?

ቢሆንም ከከባዱ ሥራ የተገኘውን ማየት ያስፈልጋል። በ1993 የተጀመረው ኔትቢኤስዲ ከብዙ ዓይነት ማሽኖች ጋር ሲታገል ድራይቨርን ለሁለት መክፈል ተማረ፤ የካርዱ ጠባይ ለብቻ፣ ማሽኑ ካርዱን የሚያገናኝበት መንገድ ለብቻ። ጄሰን ቶርፕ በ1998 ያቀረበው የባስ ዲኤምኤ አሠራር (ካርዶች ሜሞሪን በቀጥታ የሚጠቀሙበትን መንገድ የሚያስተዳድረው) ከዚህ የወጣ ነው። ለፒሲ የተጻፈ የኔትወርክ ካርድ ድራይቨር በአልፋ ማሽን ላይ እንደገና ሳይጻፍ እንዲሠራ ያደረገው ይኸው አከፋፈል ነው፤ አር10000ን የመሰለ ቂመኛ ፕሮሰሰር ሲመጣም በከርነሉ በኩል የሚስተካከለው አንድ ቦታ ላይ ነው። ይህ ትምህርት የተገኘው ከቆይታ ነው፤ አንድ ጊዜ በማስነሣት አልተገኘም።

በዚህ ረገድ ኦፕንቢኤስዲ የተባለውን ፕሮጀክት አከብራለሁ። እያንዳንዱን ፖርት በራሱ ማሽን ላይ ኮምፓይል ያደርጋሉ፤ በፈጣን ፒሲ ሠርተው ወደ አሮጌው አይገለብጡም። ሥርዓቱ አድካሚ ነው፤ የመብራት ሒሳብም አለው። በ2014 መጀመሪያ ካልጋሪ ያሉ ማሽኖቻቸውን ለማቆየት 20,000 ዶላር ያህል ለመብራት ሲጠይቁ፣ አሮጌዎቹን ማሽኖች አጥፉ የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ዘነበባቸው። ገንዘቡን አገኙ። ቫክስን ግን እስከ መጋቢት 2016ቱ 5.9 ቨርዥን አቆይተው ከዚያ ዘጉት። በ1977 ለተዋወቀ የማሽን ቤተሰብ ክብር ያለው ስንብት ነው። «ይደገፋል» ተብሎ ለዓመታት ማንም ሳይነካው ከሚቀመጥ ፖርት የተዘጋው ይሻለኛል፤ የተዘጋው ቢያንስ አይዋሽም።

ስለዚህ ፎቶ የምትለጥፉ ወዳጆቼ፣ ልጥፉን ቀጥሉ። ከሥሩ ግን ሙከራው በእውነተኛው ብረት ላይ ይሁን በኢሙሌተር ጻፉ፤ ዲስኩ ላይ ጥቂት ጊጋባይት ጽፋችሁ፣ መልሳችሁ አንብባችሁ፣ አወዳድራችሁ እንደሆነም ንገሩን። ቀጣዩን ቨርዥን የሚሞክረው ሰው ማን እንደሆነም ይታወቅ። እሱ ከሌለ «ሙከራ» በሉት እንጂ «ፖርት» አትበሉት።