ድንጋዩ ከነአገሩ ይመዝገብ



ከደብረ ታቦር በደቡብ ምሥራቅ የሚታየው የጉና ተራራ ከ10 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ በእሳተ ገሞራ የተገነባ ነው። ከሥሩ የተነጠፈው ጥቁር ድንጋይ ዕድሜው 30 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ቅልጥ አለቱ ሲቀዘቅዝ የተዋቸውን ቀዳዳዎች ውሃ እያደር በካልሳይት፣ በኬልቄዶንና በዚዮላይት ማዕድናት ይሞላቸዋል።

የዚሁ የእሳተ ገሞራ አገር ትልቁ ስጦታ በምሥራቅ በኩል፣ ደላንታ ላይ ተገኘ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የታወቀው የወገል ጤና ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ ውሃ ሲጠጣ ጥርት ይላል፤ ሲደርቅ ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል። ወጣቶች የገደሉን ወገብ እየፈለፈሉ ያወጡታል፤ ዋሻው ተደርምሶባቸው የቀሩም አሉ።

ይህ እትም ስለ ኦፓሉ አፈጣጠር፣ ስለ ቆፋሪዎቹ ኑሮና ስለ ናሙና አሰባሰብ ይናገራል። የናሙናን መገኛ መጻፍ ምን እንደሚጠቅም አንድ ምሳሌ እንይ፤ የእንግሊዝ ዌርዴል የእርሳስ ማዕድን ጉድጓዶች ከተዘጉ ቆይተዋል፤ መገኛው ተጽፎ የተቀመጠው ፍሎራይት የተባለ ማዕድናቸው ግን ዛሬም ይጠናል። የእኛ ድንጋይ ብዙ ጊዜ መገኛው ሳይጻፍ ይሸጣል። መምህራንና ተማሪዎች ሆይ፣ ያገኛችሁትን ሁሉ ቦታውን፣ ቀኑንና ያቀፈውን አለት ጽፋችሁ አስቀምጡ። በየትምህርት ቤቱ አንድ መደርደሪያ ቢኖር አገራችንን የምናውቅበት ትልቅ መዝገብ ይሆናል።



አዘጋጁ