ሰርቨር ከመግዛታችን በፊት ኮዱን እንመርምር

መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. በ«ሰቆጣ ቃል ኪዳን» ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ቃል ገብቷል። ቃሉ መጠበቁ የሚታወቀው ሕፃናቱ ተለክተው፣ ልኬቱ በጊዜው ተጠናቅሮ ወሳኞቹ እጅ ሲደርስ ነው። በአገራችን ለዚህ ዓይነት የመስክ መረጃ በስማርት ስልክ ከሚሠራባቸው መሣሪያዎች መካከል ኦዲኬና ኮቦ ይገኙበታል፤ የሁለቱም ቅጽና የተሞላው መልስ የሚጻፈው በኤክስኤምኤል ነው። ኤክስኤምኤል እያንዳንዱን መረጃ በስያሜ ለይቶ የሚያስቀምጥ የአጻጻፍ ሥርዓት ሲሆን፣ ሪፖርት ወይም ድረ ገጽ እንዲሆን መለወጥ አለበት። ኮቦ ቅጹን በድረ ገጽ የሚያሳይበት ኤንኬቶም ይህን የሚሠራው ኤክስኤስኤልቲ በተባለው የመለወጫ ቋንቋ ነው።

በዋግ ኽምራ ዓይነት ተራራማ አካባቢ ሥራው ተራርቆ ሳይሆን ተጠራቅሞ ይመጣል። ኔትዎርክ በሌለበት የደሃና ወይም የዝቋላ ቀበሌ የተሞላ ቅጽ ስልኩ ላይ ቆይቶ መስመር ሲገኝ በጅምላ ይላካል። ያኔ ሪፖርቱ ሲጓተት ቶሎ የሚነሳው ጥያቄ «ትልቅ ሰርቨር ይገዛልን» የሚል ነው። እኔ ግን መጀመሪያ መመርመር ያለበት የመለወጫው ኮድ ነው እላለሁ። የአንድን ሕፃን የዘንድሮ ልኬት ካለፈው ዙር ጋር ለማገናኘት ኮዱ በየሕፃኑ ሙሉውን ሰነድ ከላይ እስከ ታች የሚፈትሽ ከሆነ፣ ለ1,000 ሕፃናት እስከ አንድ ሚሊዮን ንጽጽር ያደርጋል፤ ለ10,000 ደግሞ እስከ 100 ሚሊዮን። ሕፃናቱ አሥር እጥፍ ሲሆኑ ድካሙ መቶ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ለዚህ ችግር በእጥፍ የፈጠነ ማሽን ጊዜውን በግማሽ ከመቀነስ አያልፍም። ኤክስኤስኤልቲ ግን ከ1999 (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያ ደረጃው ጀምሮ መዝገቦችን አስቀድሞ በመለያ ቁጥር የሚያደራጅ «ቁልፍ» አለው፤ በእሱ ሰነዱ አንዴ ይነበብና ፍለጋው ወዲያው መልስ ያገኛል። ኮዱን ለእያንዳንዱ ሰነድ እንደ አዲስ ከማዘጋጀት አንዴ አዘጋጅቶ መላልሶ መጠቀምም ሌላ ቀላል መፍትሔ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በተባለው የፊደል ኮድ ሦስት ባይት፣ የላቲኑ ደግሞ አንድ ባይት ብቻ መያዙን ስናስብ፣ በአማርኛ የተሞላ ሰነድ ለብክነት ያለው ቦታ ጠባብ ነው።

«የባለሙያ ጊዜ ከማሽን ይወደዳል» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ለአንድ ጊዜ ሪፖርት እውነት ሊሆን ይችላል፤ በየዙሩ ለሚደጋገም ሥራ ግን ባለሙያው አንዴ ያስተካከለው ኮድ ለዓመታት ያገለግላል፣ ማሽኑ ግን ያረጃል። ሌሎች ደግሞ «ኤክስኤምኤል ጊዜው አልፏል፣ ጄሰን በተባለው ሌላ የመረጃ ቅርጽ ይተካ» ይላሉ። ጉግል በ2025 (እ.ኤ.አ.) ኤክስኤስኤልቲን ክሮም ከተባለው የድረ ገጽ ማሰሻው እንደሚያወጣ ማሳወቁንም በማስረጃነት ያቀርቡ ይሆናል። ያ ውሳኔ የሚነካው በማሰሻው ውስጥ የሚሠራውን ለውጥ ነው፤ በሰርቨር ላይ የሚሠራውን አያስቆምም። ደግሞስ ያው ከላይ እስከ ታች የሚፈትሽ ኮድ ወደ ጄሰን ቢዛወር ምን ይፈጥናል? በእኔ ግምት የቅርጽ ለውጥ ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ ኮዱን ከማንበብ መሸሻ ነው።

ስለዚህ የጤናና የሥነ ምግብ መረጃ ሥርዓት የሚያሠሩ ቢሮዎችና አጋሮቻቸው ጨረታ ሲያወጡ አንድ ነጥብ ይጨምሩ፦ አቅራቢው የሚያስረክበውን ኮድ ዛሬ ባለው መረጃና በአሥር እጥፉ አስሮጦ የወሰደውን ጊዜ ያሳይ። ጊዜው ከአሥር እጥፍ እጅግ ከበለጠ፣ ኮዱ ሳይታረም የሰርቨር ግዢ አይፈቀድ።